29 ዓመቴ ነው፣ አስም አለብኝ፤ ለማስተርስ ጀርመን ወይም አሜሪካ ስሄድ የትኛውን የጤና መድን ልግዛ?

መስከረም_ጉዞ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። አንዱ ጀርመን ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ሌላው አሜሪካ ነው፣ በኤፍ-1 ቪዛ፣ ኦገስት መጨረሻ። አሁን 29 ነኝ፤ ጃንዋሪ ላይ 30 ይሞላኛል። አስም ስላለብኝ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት እወስዳለሁ። ባለቤቴ ከስድስት ወር በኋላ ሊከተለኝ ይችላል።

የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የራሱን የጤና መድን ከትምህርት ክፍያው ጋር ደምሮ ልኮልኛል፤ በጣም ውድ ነው። ኢንተርኔት ላይ "ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች" ተብሎ የሚሸጥ፣ ዋጋው የዚያን ሩብ የማይሞላ መድን አለ። እሱን ገዝቼ የዩኒቨርሲቲውን ማስቀረት ይቻላል? ለጀርመንስ ለቪዛ ተብሎ የሚገዛው የጉዞ መድን ለትምህርት ዘመኑ በሙሉ ይበቃል? አስሜን የሚሸፍነው የቱ ነው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፤ መልስ የምሰጥበት ጊዜ እየተቃረበ ነው።

ድልድይ_09

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የጀርመኑን እኔ ልመልስ፤ የአሜሪካውን የሚያውቁት ይቀጥሉበታል።

ከሁሉ በፊት ዕድሜሽን እንይ፣ ያንቺን ጉዳይ የሚወስነው እሱ ነውና። ጀርመን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ተማሪ 30 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሕዝባዊው የጤና መድን በተማሪ ዋጋ የመታቀፍ መብትም ግዴታም አለበት። 30 ከሞላው በኋላ ትምህርት የሚጀምር ግን ይህ በር ይዘጋበታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀርለት የግል መድን ነው። የግሉ የጤና መጠይቅ ስላለው አስምን አይቶ ዋጋ ሊጨምር፣ አስሙን ብቻ ነጥሎ ሊያወጣ ወይም ጭራሽ አልቀበልም ሊል ይችላል። ሕዝባዊው ስለ ጤናሽ አይጠይቅም፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ከመጀመሪያው ቀን ይሸፍናል፣ የመቆያ ጊዜ የለውም።

አንቺ ኦክቶበር ላይ ገና 29 ስለሆንሽ ትገቢያለሽ። ጃንዋሪ ላይ 30 ሲሞላሽም በማግስቱ አያስወጡሽም፤ የተማሪው ዋጋ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ፣ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ እስከ ማርች 31 ይዘልቃል። ከዚያ አባልነትሽ ሳይቋረጥ ወደ ፈቃደኛ አባልነት ይዞራል። ሽፋኑ ያው ነው፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን በደንብ ይጨምራል። ስለዚህ በጀት ስትሠሪ ከኤፕሪል በኋላ ያሉትን ወራት በተማሪ ዋጋ አታስቢያቸው። ትምህርቱን ለአንድ ሴሚስተር ላስተላልፈው የሚል ሐሳብ ካለሽ ደግሞ ቆም ብለሽ አስቢበት። ኤፕሪል ላይ የምትጀምሪው 30 ከሞላሽ በኋላ ስለሚሆን የተማሪው ዋጋ ያመልጥሻል።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠለፍበትን ነገር ልንገርሽ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ "ከሕዝባዊው መድን ግዴታ ነፃ ልሁን" ብሎ ማመልከት ይቻላል። ርካሽ የግል መድን የሚሸጡ ድርጅቶች ከውሉ ጋር አያይዘው የሚያስፈርሙት ይህንን ማመልከቻ ነው። አንዴ ከጸደቀ መሻር የለም፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ይጸናል። በሁለተኛው ወር ታመምኩ፣ የግሉ አልከፍልም አለኝ፣ ወደ ሕዝባዊው መልሱኝ ቢባል ሰሚ የለም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ተማሪ ይህን ወረቀት በፍጹም መፈረም የለበትም።

የጉዞ መድኑን በተመለከተ፣ ለምዝገባ አይሠራም። የሼንገን ቪዛ መስፈርት የሆነው የ30,000 ዩሮ ሽፋን ለአጭር ጉብኝት የተደነገገ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያንን ይዞ የመጣን ተማሪ አይመዘግብም። ግን ጭራሽ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሕዝባዊው መድን ሥራ የሚጀምረው ሴሚስተሩ ሲጀምር ወይም ስትመዘገቢ ነው፣ ከሁለቱ በዘገየው ቀን። ሴፕቴምበር 10 ብትገቢ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ ያሉት ሦስት ሳምንታት ባዶ ናቸው። የጉዞ መድኑ ለዚህ ክፍተት ነው፤ ኤምባሲውም ይጠይቅሻል። ከመግቢያሽ ቀን ጀምሮ ከኦክቶበር 1 ሁለት ሦስት ሳምንት የሚያልፍ አድርገሽ ግዢው፣ ምዝገባ ሊጓተት ይችላል። አስምን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ለእነዚያ ሳምንታት መድኃኒትሽን ይዘሽ መግባት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከሕዝባዊዎቹ መድን ሰጪዎች (ቴክኒከር፣ አኦካ፣ ባርመር ከትልልቆቹ ናቸው) አንዱን መርጠሽ ገና ሳትሄጂ በድረ ገጻቸው ታመለክቻለሽ። የሚፈልጉት የፓስፖርት ቅጂ፣ የመቀበያ ደብዳቤና የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። እነሱ ኢንሹራንስ እንዳለሽ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃሉ፤ ያለዚህ መልእክት ምዝገባ አይጠናቀቅም። ከገባሽ በኋላ አድራሻሽን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርሽንና ለካርዱ የሚሆን ፎቶ ትልኪያለሽ። አድራሻ ሳይላክ ካርዱ አይመጣም፤ ካርዱ እስኪደርስ ግን የአባልነት ማረጋገጫ ወረቀት ላኩልኝ ብለሽ በእሱ መታከም ትችያለሽ።

በሽታ የማያመጣው ችግር ደግሞ አለ፦ ያልተከፈለ ወርሃዊ መዋጮ። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ጊዜ ስለሚወስድ ተማሪው ክፍያውን ይረሳል፣ ውዝፉ ይከማቻል። መድን ሰጪው ይህንንም ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቃል፣ ዩኒቨርሲቲውም ለሚቀጥለው ሴሚስተር አይመዘግብም። ሒሳብ እንደከፈትሽ በየወሩ በቀጥታ እንዲቆረጥ ፍቀጂ።

ከኪስሽ የሚወጣው ትንሽ ነው። መድኃኒት ላይ የዋጋው 10 በመቶ፣ ከ5 ዩሮ ያላነሰ ከ10 ዩሮ ያልበለጠ። ሆስፒታል ብትተኚ በቀን 10 ዩሮ፣ በዓመት ቢበዛ ለ28 ቀናት። ደረሰኞችሽን አትጣዪ፤ የዓመቱ ድምር ከገቢሽ 2 በመቶ ካለፈ ከዚያ በላይ ያለው ይቀርልሻል፤ ሐኪም ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለብሽ ካረጋገጠልሽ ደግሞ ጣሪያው 1 በመቶ ነው።

ባለቤትሽ ጀርመን ከኖረና ገቢ ከሌለው (ወይም ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ) በአንቺ አባልነት ሥር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታቀፋል። ልጅም እንዲሁ። ሁለቱን አገሮች ስታወዳድሪ ይህን በደንብ መዝኚው።

የቢል_ክፍል

የአሜሪካውን እኔ ልቀጥል። ኤፍ-1 ተማሪን የፌዴራል ሕግ "መድን ግዛ" አይለውም፤ የሚያስገድደው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ ያለው ዩኒቨርሲቲው ስለ ዌቨር፣ ማለትም የራሱን መድን ስለማስቀረት ባወጣው ገጽ ላይ ነው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ተማሪ ዌቨር ጭራሽ አይሰጥም። የሚሰጠው ደግሞ መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ የመጨረሻ ቀንም አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ ክፍያው ሒሳብሽ ላይ ይቀራል፣ በሌላ ኪስሽም ሌላ መድን ከፍለሻል። ስለዚህ ዌቨሩ በጽሑፍ ሳይጸድቅልሽ ምንም አትግዢ።

ርካሹን ለመመዘን ማስታወቂያውን ተይውና ሙሉውን የፖሊሲ ሰነድ አውርጂ። "የማይካተቱ" የሚለውን ክፍል ከሁሉ በፊት አንብቢ። ቀድሞ የነበረ ሕመምን የሚመለከተው አንቀጽ ብቻውን ያንቺን ጉዳይ ሊዘጋው ይችላል። ብዙዎቹ ርካሽ ፖሊሲዎች ከመድኑ በፊት በነበሩት 6 ወይም 12 ወራት ውስጥ መድኃኒት የወሰድሽበትን ሕመም አይሸፍኑም፣ ወይም "ድንገተኛ ማገርሸት" ካልሆነ አይከፍሉም። አንቺ በየቀኑ መድኃኒት ስለምትወስጂ የአስም ወጪሽ በሙሉ ከዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል። የዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መድን በአብዛኛው የኦባማኬርን (የአሜሪካን የጤና መድን) ሕግ የሚያሟላ ስለሆነ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ያለ መቆያ ይሸፍናል፤ ዓመታዊ የገንዘብ ጣሪያም አይጥልም። "በአብዛኛው" ያልኩት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገንዘቡን የሚያስተዳድርባቸው ዕቅዶች ስላሉ ነው፤ የእነሱን ሰነድ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጣሪያው የማን እንደሆነ ተመልከቺ። ሁለት ዓይነት ጣሪያ አለ። አንደኛው አንቺን የሚጠብቅ ነው፦ በዓመት ከኪስሽ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ አይበልጥም የሚል። ሁለተኛው ድርጅቱን የሚጠብቅ ነው፦ እኛ ለአንድ ሕመም ከዚህ በላይ አንከፍልም የሚል። በቁጥር ላሳይሽ። ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የ20,000 ዶላር ቢል መጣ እንበል።

የመጀመሪያው ፖሊሲ ዲዳክቲብሉ (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከአንቺ የሚወጣው) 500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በኋላ ካለው 20 በመቶ ያንቺ ድርሻ ነው፤ ዓመታዊ የኪስ ጣሪያሽ 3,000 ዶላር ነው። ከ20,000 ላይ 500 ሲነሳ 19,500 ይቀራል፤ 20 በመቶው 3,900 ነው፤ ከ500ው ጋር 4,400 ይመጣል። ጣሪያሽ ግን 3,000 ስለሆነ የምትከፍዪው 3,000 ብቻ ነው፤ ዓመቱ እስኪያልቅም በኔትወርኩ (መድኑ ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች) ውስጥ ለሚሸፈን ሕክምና ሌላ አትከፍዪም።

ሁለተኛው ፖሊሲ ላዩን ሲያዩት ይሻላል፦ ዲዳክቲብሉ 250 ዶላር፣ ድርሻሽ ያው 20 በመቶ። የኪስ ጣሪያ ግን የለውም፤ ይልቁንም ድርጅቱ ለአንድ ሕመም ከ10,000 ዶላር በላይ አልከፍልም ይላል። ሒሳቡ ሲሠራ የእሱ ድርሻ 15,800 መሆን ነበረበት፤ 10,000 ከፍሎ ያቆማል። ቀሪው 10,000 የአንቺ ዕዳ ነው።

ዲዳክቲብሉ በዓመት አንዴ ነው ወይስ በእያንዳንዱ ሕመም የሚለውንም አትለፊው። በየሕመሙ 250 ከሆነ በዓመት ሦስት የተለያየ ሕመም ማለት 750 ነው።

ከዚያ የኔትወርኩን ዝርዝር ክፈቺና በካምፓሱ አቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ውስጡ መኖሩን አረጋግጪ። አገር አቀፍ ኔትወርክ አለን የሚል ድርጅት በዚያች ከተማ አንድም ሐኪም ላይኖረው ይችላል። የአእምሮ ጤና፣ የሐኪም ትእዛዝ መድኃኒትና እርግዝና መሸፈናቸውንም እይ። እርግዝና ባትጠብቂም ባለቤትሽ ሊመጣ ነውና ይመለከትሻል።

ስለ ባለቤትሽ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ጀርመኑ በነፃ አይታቀፍም። ብዙ የተማሪ መድኖች ቤተሰብ ለመጨመር የሚፈቅዱት አገር በገባ በ30 ቀን አካባቢ ውስጥ ነው፣ ክፍያውም ለብቻው ነው። አንዳንዶቹ ቤተሰብን ጭራሽ አይቀበሉም። ይህን ከመወሰንሽ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የመድን ቢሮ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዢው።

በኔ ግምት አንቺ አስም እያለብሽ የዩኒቨርሲቲውን ማስቀረት አይገባሽም። ከሁለቱ አገር ደግሞ ገንዘቡን ብቻ ካየሽ የጀርመኑ ይቀላል።

መስከረም_ጉዞ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁለታችሁም። የዕድሜውን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ መድኃኒቴን ምን ያህል ይዤ ልግባ፣ ምን ዓይነት ወረቀትስ ያስፈልገዋል? አሜሪካ ብሄድ ደግሞ በታመምኩ ቀን መጀመሪያ የት ነው የሚኬደው? የቢሉ ነገር ከአሁኑ እያስፈራኝ ነው።

ነጭ_ጋወን

መድኃኒቱን እኔ ልመልስ።

የ90 ቀን አቅርቦት ይዞ መግባት ጥሩ ልክ ነው። መድኑ ሥራ እስኪጀምር፣ የሐኪም ቀጠሮ እስኪገኝና የመጀመሪያው ማዘዣ እስኪጻፍ ሁለት ወር ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም በእጅ ሻንጣሽ ያዢው፤ የሚጫነው ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም። ከካርቶኑና ከፋርማሲው ምልክት ጋር ይሁን፤ ማሸጊያውን አውጥቶ ቦታ ለመቆጠብ መሞከር ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

የሐኪም ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ምርመራውን፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑን በማይክሮግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሳብና ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስጂ ይግለጽ። የንግድ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንዱ አገር ያለው የንግድ ስም ሌላው ዘንድ የለም። ሳይንሳዊውም ስም ቢሆን አንዳንዴ ይለያያል። ሲያፍንሽ የምትስቢው ሳልቡታሞል ከሆነ አሜሪካ ውስጥ አልቡተሮል ነው የሚባለው፤ መድኃኒቱ ያው ነው። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም ስም ይጻፍ። ጀርመን ላይ ሳልቡታሞል ብለሽ ትቀጥያለሽ።

በየቀኑ የሚሳበው (ቡዴሶናይድ ወይም መሰሉ) እና ሲያፍን ብቻ የሚሳበው ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። መድን ድርጅቶች ለየብቻ ነው የሚያዩአቸው፤ አንዱን ሸፍነው ሌላውን ቅድሚያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዝርዝር ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። አሜሪካ ከመሄድሽ በፊት የዩኒቨርሲቲውን መድን የመድኃኒት ዝርዝር አውርደሽ የራስሽን ፈልጊበት። በስንተኛው የዋጋ ደረጃ ላይ እንዳለ ይነግርሻል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ርካሽ ነው፤ ሦስተኛ ከሆነ ሐኪሙ በተመሳሳይ እንዲለውጥልሽ ቀድመሽ ጠይቂ። ሌላም ልንገርሽ፦ አስትራዜኔካና ቦህሪንገር ኢንገልሃይም ከጁን 2024፣ ጂ-ኤስ-ኬ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለአስም መሳቢያዎቻቸው ታካሚው በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ጣሪያ አውጥተዋል። በመንግሥት መድን ያሉ አይካተቱም፤ የግል መድን ያለውም መድን የሌለውም ግን በኩባንያዎቹ ድረ ገጽ የቅናሽ ካርዱን ማውጣት ይችላል።

ለሌሎች አንባቢዎችም፦ የትኩረት ማነስ፣ ከባድ የሕመም ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ አጣሩ። ጃፓን አምፌታሚን ያለባቸውን መድኃኒቶች በሐኪም ደብዳቤም ቢሆን አታስገባም። ይህ የመድን ጉዳይ አይደለም፣ ያሳስራል።

የቢል_ክፍል

አትፍሪ፣ ቢሉ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል።

ጉንፋን፣ የአስም ክትትል፣ ማዘዣ ማደስ የመሳሰለው ሲሆን መጀመሪያ የሚኬደው የካምፓሱ ጤና ጣቢያ ነው። አንዳንድ የተማሪ መድን ከዚያ ሪፈራል ሳይጻፍ ውጭ ያለ ሐኪም ጋ ብትሄጂ የሚከፍለውን ይቀንሳል ወይም አይከፍልም፤ ፖሊሲው ላይ "ሪፈራል" የሚለውን ፈልጊ። ካምፓሱ ሲዘጋ፣ ለሕይወት የማያሰጋ ሲሆን፣ ያለ ቀጠሮ የሚያክሙት አስቸኳይ ክሊኒኮች አሉ፤ ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በእጅጉ ይረክሳሉ። ነገር ግን መሳቢያው አልሠራልሽ ካለ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ 911 ደውዪ፣ ስለ ገንዘብ አታስቢ። ከ1986 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ድንገተኛ ክፍል መድን ይኑርሽ አይኑርሽ መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ ጥሎበታል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ደግሞ የሄድሽበት ድንገተኛ ክፍል ከኔትወርክ ውጭ ቢሆንም ድርሻሽ እንደ ኔትወርኩ እንዲታሰብ ሕጉ ያዛል። በመኪና የሚመጣ አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ ስላልተካተተ ለብቻው ከፍ ያለ ቢል ሊመጣ ይችላል። ይህ ጥበቃ ለርካሾቹ የጉዞ መድኖችም አይሠራም፤ ርካሹን እንዳትገዢ የምልበት ሌላው ምክንያት ነው።

ከሕክምናው በኋላ ሁለት ዓይነት ወረቀት በፖስታ ይመጣል። አንዱ ከመድን ድርጅቱ የሚመጣ ዝርዝር ሲሆን ላዩ ላይ "ይህ ቢል አይደለም" ተብሎ ተጽፎበታል። ሆስፒታሉ የጠየቀው፣ በውል የተስማሙበት ዋጋ፣ መድኑ የከፈለውና "የታካሚው ድርሻ" በየዓምዱ ይታያል። ሌላው ከሆስፒታሉ የሚመጣው እውነተኛው ቢል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና የታካሚው ድርሻ የሚለው ከቢሉ ጋር እኩል መሆኑን እይ። የሆስፒታሉ ቢል ከበለጠ አትክፈዪ፤ ደውለሽ "መድኔ በዚህ ቀን ይህን ያህል ድርሻሽ ነው ብሎኛል፣ አስተካክሉት" በዪ። ከአንድ የሆስፒታል ጉብኝት የሐኪሙ፣ የላብራቶሪውና የራጅ አንባቢው ቢል ለየብቻ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱን ከፍዬ ጨረስኩ አትበዪ።

ክሌም (መድኑ እንዲከፍል የሚቀርበው ጥያቄ) ውድቅ የሚሆንባቸው ምክንያቶች አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገሮች ናቸው። በፓስፖርት፣ በዩኒቨርሲቲ መዝገብና በመድን ካርድ ላይ ያለው ስም ቅደም ተከተሉ ይለያያል። የልደት ቀንና ወር ቦታ ይቀያየራሉ፤ አሜሪካኖቹ ወርን አስቀድመው ስለሚጽፉ 03/07 ማለት እዚያ ማርች 7 ነው። ወይም ድርጅቱ "ሌላ መድን አለሽ? ጉዳቱ በሥራ ወይም በመኪና አደጋ የደረሰ ነው?" ብሎ የላከው መጠይቅ ሳይመለስ ቀርቷል። ያ መጠይቅ ማስታወቂያ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ እስኪመለስ ድረስ ግን ክሌሙ ቆሞ ይጠብቃል።

እውነተኛ እምቢታ ከሆነ ይግባኝ አለሽ። የኦባማኬርን ሕግ በሚያሟላ መድን የመጀመሪያው ይግባኝ እምቢታው በደረሰሽ በ180 ቀን ውስጥ ለራሱ ለድርጅቱ ይቀርባል። እዚያ ካልተሳካና ክርክሩ በሕክምናው አስፈላጊነት ላይ ከሆነ፣ በ4 ወር ውስጥ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። የሐኪሙን ማስታወሻና "አስፈላጊ ነበር" የሚል ደብዳቤ አያይዢ፤ ያለ እሱ የሚላክ ይግባኝ ባዶ ልመና ነው።

መክፈል ካቃተሽ ደግሞ ቢሉን በክሬዲት ካርድ ከመክፈልሽ በፊት ሆስፒታሉን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ጠይቂው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ይህን ፖሊሲ በሕግ የመያዝ ግዴታ አለባቸው፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ ይቀበላሉ። የተማሪ ገቢ ብዙ ጊዜ መስፈርቱን ያሟላል።

ቀይ_ማስታወሻ

ጥያቄውን ላስፋው። እኔ የስኮላርሺፕ ተማሪ ነኝ፣ የአሜሪካ ቪዛዬ ጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ) ነው። ያው ሕግ ነው? እንግሊዝና ሌሎች አገሮች ለሚሄዱትስ?

የቢል_ክፍል

ጄ-1 ይለያል፤ እዚያ የፌዴራል ደንቡ ራሱ ዝቅተኛውን መጠን ወስኗል። ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር ሽፋን፣ ለሕክምና ወደ አገር ለመመለስ 50,000፣ አስከሬን ለመመለስ 25,000፣ ዲዳክቲብሉ በአንድ ሕመም ከ500 ዶላር ያልበለጠ፣ ያንተ ድርሻ ከ25 በመቶ ያልበለጠ። በጄ-2 የሚመጡ ቤተሰቦችም ይህንኑ ማሟላት አለባቸው። ሆን ብሎ ያለ መድን የተገኘ ሰው ፕሮግራሙ ይቋረጥበታል። 100,000 ዝቅተኛው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለከባድ ሕመም አይበቃም። ስፖንሰርህ የሚሰጥህን ፖሊሲ ጣሪያ ከዚህ አንጻር እየው።

ድልድይ_09

ሌሎቹን አገሮች ባጭሩ።

እንግሊዝ ከ6 ወር በላይ ለሚቆይ የተማሪ ቪዛ የጤና ክፍያው ከቪዛ ማመልከቻው ጋር አስቀድሞ ይከፈላል፤ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከትምህርቱ በኋላ ያሉትን ወራት ስለሚጨምር ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ተኩል፣ ማለትም 1,164 ፓውንድ ይመጣል፤ 776 ብቻ ይዞ የጠበቀ ሰው ማመልከቻውን መላክ ያቅተዋል። ቪዛው ከተከለከለ ገንዘቡ ይመለሳል። እንደገባችሁ በሰፈራችሁ ያለ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝገቡ፤ ሳይታመሙ መመዝገብ ይቻላል፣ ይገባልም። እንግሊዝ ውስጥ የመድኃኒት ማዘዣ ይከፈልበታል፣ አስም ከክፍያው ነፃ አያደርግም። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ በነፃ ነው።

አውስትራሊያ የተማሪ መድኑ ለቪዛው ዘመን በሙሉ መሆን አለበት። ቀድሞ የነበረ ሕመም የ12 ወር መቆያ ሊኖረው ይችላል፤ ጥርስና መነጽር በመሠረታዊው ውስጥ የሉም። ጃፓን ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ሁሉ አድራሻ ባገኘ በ14 ቀን ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ መድኑ 70 በመቶ ይከፍላል። ደቡብ ኮሪያ ከማርች 2021 ጀምሮ ተማሪዎችን በብሔራዊው መድን አስገድዳለች። ካናዳ በየክፍለ ሀገሩ ይለያያል፦ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከገባችሁበት ወር ቀሪ ቀናት በኋላ ሁለት ወር ያስጠብቃል፣ ለዚያ ጊዜ የግል መድን ያስፈልጋል፤ ኦንታሪዮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የራሳቸው የጋራ ዕቅድ አላቸው።

ሆላንድ ለየት ስለምትል ጠንቀቅ በሉ። ለትምህርት ብቻ የመጣ ወጣት ተማሪ የአገሩን መሠረታዊ መድን መግዛት የለበትም፤ የግል የተማሪ መድን ነው የሚይዘው። ደመወዝ ያለው የትርፍ ሰዓት ሥራ በጀመረበት ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሆንም በ4 ወር ውስጥ ወደ መሠረታዊው መድን መግባት አለበት። ባለሥልጣኑ ከቀጣሪው መዝገብ ስለሚያየው ያልገባ ሰው ቅጣት ይላክበታል። ሥራውን ስታቆሙም እንዲሁ ለመድን ድርጅቱ አሳውቃችሁ ውሉን ዝጉ፤ አለዚያ አረቦኑ በየወሩ መቆረጡን ይቀጥላል።